ገብሱ ሲወደድ፣ ጠላው ሲቀጥን

የጉዞ ማስታወሻ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

እህል በረንዳ፣ አዲስ አበባ

ጥር የሰርግ ወር ነው። ሰርግ ባለበት ጠላ አይጠፋም፤ ስለዚህ በዚህ ወር እህል በረንዳ ከማለዳ ጀምሮ የሴቶች ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ከመደብር መደብር ይዞራሉ። ገብሱን ዘግነው እፍ ይሉታል፤ ከመዳፋቸው አንዲት ፍሬ መርጠው በፊት ጥርሳቸው ይሰብሯታል። ሻጩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ፍሬዋ ሳትሰበር ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ ለሥራው አዲስ ነው።

ከሽሮ ሜዳ የመጡ አንዲት ጠላ ሻጭ አጠገብ ቆምኩ። ስድሳን ያለፉ ይመስላሉ። "ነጩ ስንት ገባ?" አሉ። ተነገራቸው። ቃል ሳይመልሱ ፊታቸውን ወደ በቆሎው ጆንያ አዞሩ።

"እማማ፣ ጠላ በበቆሎ ይሆናል እንዴ?"

"ምን የማይሆን አለ፣ የኔ ልጅ። ገብሱ ለማሳመር ነው፣ በቆሎው ለመሙላት።"

"ጠጪው አያውቅብዎትም?"

"ያውቃል እንጂ! እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ታዲያ ጣሳው ላይ ልጨምር ብል ግቢዬ ባዶውን ይውላል። ሁለታችንም ዝም ነው።"

ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ የሁሉም ጥያቄ "ስንት ገባ?" ነው። የጠላ ነገር በዚህ ጥያቄ አይያዝም። የአንድ ጣሳ ዋጋ ለወራት ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል፤ ጭማሪው ጋኑ ውስጥ ገብቶ በገብስ ፈንታ በቆሎ፣ በሁለት እፍኝ ጌሾ ፈንታ አንድ እፍኝ ይሆናል። ጠጪው የኑሮ ውድነቱን ከፍሎ ሳይሆን ጠጥቶ ነው የሚቀምሰው። ሴቶቹ ይህንን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የሚያደርጉትን ሲናገሩም አያፍሩበትም፣ አይኮሩበትም።

ከእህል በረንዳ ወደ መርካቶ ውስጥ ዘለቅሁ፣ ጌሾ ፍለጋ። የጌሾ ሻጭን ቤት ለማግኘት አፍንጫ ይበቃል፤ መራራው አቧራ ገና ከሩቅ ጉሮሮ ይይዛል። በአንድ ወገን ቅጠሉ በጆንያ ተጠቅጥቋል፣ በሌላ ወገን እንጨቱ ተቆራርጦ በእስር ተደርድሯል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። ነጋዴው ከጎጃም ሲነሣ ስንት ከፍሎ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ስንት እንደሆነበት በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ፤ ከሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚበላው መንገድ ነው። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜኑ ጦርነት የትግራይ ጌሾ ጨርሶ ቀረበት። የትግራይ መንገድ ሲከፈት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የጎጃም መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሆነ። ጌሾ ደረቅ ነገር ስለሆነ አይበላሽም፣ ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል። ነዳጁም አለ። በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር፤ በጥር 2017 ከ100 ብር ተሻግሮ ነበር።

እያወራን አንድ ወጣት መጥቶ በትናንሽ ላስቲክ የተጠቀለለ የጌሾ እንጨት ወሰደ። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ማሩን እዚያው ይገዙታል፤ ጌሾውን ግን ከዚህ ይጠብቃሉ። ነጋዴው ከልጁ ጋር ስለ ዋጋ አልተከራከረም። ልጁም አልተከራከረም። በመርካቶ እንዲህ ያለ ግብይት አይቼ አላውቅም።

ወደ አሰላ

ገብሱን ፍለጋ ወደ አርሲ ተነሣሁ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ መንገዱ መውጣት ይጀምራል፤ ኢተያን አልፎ ቁሉምሳ ሲደርስ አየሩ ተለውጧል። ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። መነሻው በ1960 ዓ.ም. ግድም ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር የጀመሩት የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ያገሬው ሰው እስካሁን "ካዱ" የሚለው ነው። አርሲ ዛሬ የስንዴ አገር ከሆነች ካዱ እጁ አለበት። ከመኪናው መስኮት እስከ ጭላሎ ተራራ እግር ድረስ የሚታየው የታጨደ ማሳ በአብዛኛው ስንዴ ነው።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ገብስ በአርሲ ቦታ እያጣ ነው። ስንዴ ዳቦ ይሆናል፣ ፓስታ ይሆናል፣ መንግሥት በኩታ ገጠም ያሳርሰዋል፤ ገዥውም ብዙ ነው። ገበሬው ዝቅ ባለውና ለም በሆነው መሬት ስንዴውን ይዘራና ገብሱን ብርድ ወዳለበት፣ ሌላ ነገር ወደማይወጣበት ከፍታ ይገፋዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ገብስ ይነግሣል፤ ከዚያ በታች እንግዳ ነው።

አሰላ ከተማ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነው። የብቅል ፋብሪካው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚህ አለ። ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ቢራ ፋብሪካዎች የጎደላቸውን ብቅል በዶላር ከአውሮፓ ያስመጡ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሁለት የውጭ ኩባንያዎች፣ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ፣ ቡርትማልት በደብረ ብርሃን፣ ትልልቅ የብቅል ፋብሪካ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ የቢራ ገብስ የሚፈለግ ሸቀጥ ሆነ። ከአንድ ኩንታል ገብስ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ኪሎ ያህል ብቅል ይወጣል፤ መቶ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ አሥራ ሰባት ኪሎ ገደማ ብቅል ይፈልጋል። ይህንን አገሪቱ በዓመት በምትጠጣው ቢራ አባዙትና የአርሲ፣ የባሌና የሸዋ ደጋ ለምን ዓይን እንደገባ ይታያችኋል።

ከአሰላ ወጣ ብሎ በእህል ሰብሳቢ መጋዘን ደጃፍ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር ተቀመጥን። ሰውየው በገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል ለፋብሪካ ለማቅረብ ውል ይዟል። ዘሩ "ሆልከር" ነው፣ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው። ጎረቤቱ አዲሱን "ኢቦን" ሞክሮታል። ፋብሪካ ገብሱን ሲቀበል ፍሬው እኩል መሆኑን፣ መብቀሉን፣ ከሁሉም በላይ ፕሮቲኑን ይለካል፤ ከ9 እስከ 12 ከመቶ ካልሆነ አይወስድም። ፕሮቲን የበዛበት ገብስ ቢራውን ያደፈርሰዋል፣ ከብቅሉም የሚወጣው ስኳር ያንሳል።

"ማዳበሪያ ካላደረግህ ምርቱ ያንሳል" አለኝ። "ካበዛህ ደግሞ ፕሮቲኑ ይወጣና ይመልሱታል። ዩሪያ ደግሞ እንደምታየው ነው።"

ዩሪያ እንዳየሁት ነበር። በዩክሬን ጦርነት የተነሣ በ2014 የዓለም ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ማዳበሪያ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ድጎማ ቢኖርበትም የገበሬው ወጪ ወደ ላይ መጓዙን አላቆመም።

"ታዲያ ከውሉ ይልቅ ነጋዴው የተሻለ ዋጋ ቢሰጥህ ለማን ትሸጣለህ?"

ሳቀ። ውሉን እንደሚያከብር ነገረኝና ቀና ብሎ መጋዘኑ በር ላይ የቆመውን ደላላ አየ። ደላላውም አየው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ፋብሪካ የመለሰው ገብስ የት ይሄዳል? ወደ ገበያ፤ ለእንጀራ፣ ለቆሎ፣ ለጠላ። ፕሮቲን ለጠላ ምንም አይደለም፣ ጠላ ፊቱ ደፍርሶም ይጠጣል። ስለዚህ የጠላ ጠማቂዋ ዕጣ የተመላሹን መግዛት ነው። ፋብሪካ ብዙ በተቀበለበት ዓመት ለእሷ የሚደርሰው ጥቂትና ውድ ይሆናል። በውል የሚገዛ፣ ባንክ የሚያበድረው፣ መጋዘን ያለው ጠማቂ አስቀድሞ ገብስ ይይዛል። በኪሎ የምትገዛዋ ሴትዮ ጭራው ላይ ትቆማለች። ይህ በማንም ክፋት የመጣ አይመስለኝም፤ ገበያ ወረፋ ያስይዛል፣ ወረፋውንም በካፒታል ይደረድረዋል።

በቆጂ

ከአሰላ በቆጂ ስትገቡ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ደርሷል። በዓለም ዘንድ የሯጮች ከተማ ናት፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከዚህ ነው የወጡት። ጠዋት በመንገዱ ዳር ላይ የሚሮጡት ልጆች ፈጥነው ያልፋሉ፤ የጭነት አህያ የሚነዱት ደግሞ ቀስ ብለው። የገበያ ቀን ነበርና አህዮቹ ይበልጣሉ።

ገበያው ጫፍ ላይ ብቅል የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። ብቅል ማብቀል የራሱ ሙያ ነው። ገብሱ አንድ ሌሊት ይነከራል፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከባድ ነገር ይጫንበታል፣ ሦስት ቀን ገደማ ሲሆነው ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከዚያ ተበትኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ብርድ ከበዛ ይዘገያል፣ ሙቀት ከበዛ ይሻግታል። አንዷ ሻጭ በጣሳ እየሰፈረች ስትሸጥ፣ ከላይ የምትጨምራት "ምርቃት" ወደ ቁንጥር ወርዳለች። ገዢዋ ጎረቤቷ ናት መሰለኝ፣ "ምነው ምርቃቱ?" አለቻት። "ገብሱም አልመረቀኝ" ብላ መለሰችላት። ሳቅ ሆነ። ምርቃቱ ግን አልተጨመረም።

ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር ውስጥ በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ አየሁና ገባሁ። በኦሮምኛ ጠላ ፈርሶ ነው፤ የቤቱ እመቤት ሁለቱንም ስም እያፈራረቁ ይጠሩታል። አርባዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ሰዉ "እትዬ" ይላቸዋል፣ እኔም እትዬ አልኳቸው። ጓዳቸው ውስጥ ሁለት ጋን፣ ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አለ።

"ጋኖቹ ብቻ ነበሩ ድሮ። አንዱ ሲሰበር ጋን ሠሪዋ የጠራችው ዋጋ አስደነገጠኝ፤ በርሜል ገዛሁ። በርሜል አይሰበርም።"

"ጠላውስ ይለያል?"

"ጋኑን በግራዋ አጥበህ በወይራ ታጥነዋለህ። በርሜል እንዴት ይታጠናል? ይቀልጣላ!" አሉና ወደ ጓዳው ገቡ። ሁለት ዋንጫ ይዘው ተመለሱ፤ አንዱ ከጋኑ፣ ሌላው ከበርሜሉ። በጋኑ ያለው የጭስ ሽታ ከአፍ ሳይሆን ከደረት ነው የሚመለሰው። የበርሜሉ ጎምዛዛና ንጹሕ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ግን የማንም ቤት ሊሆን ይችላል። ለሽማግሌ ደንበኞቻቸው ከጋኑ ይቀዳሉ፣ ለጎረምሶቹ ከበርሜሉ። ዋጋው አንድ ነው።

እዚህ ቤት ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ጥንስሱ በተጣለበት ቀን ደርሼ ነበርና እያንዳንዱን ደረጃ ከወጪው ጋር እንዲያስረዱኝ ለመንኳቸው። በመጀመሪያ የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ እንኩሮው ነው። የገብሱ ዱቄት በውሃ ተለውሶ በብረት ምጣድ ላይ እየታሸ ይቆላል፤ ጠቆር እስኪል ድረስ። ይህ ነው እንጨት የሚበላው። እንኩሮው ሲገባ ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ ውሃ ተሞልቶ ይከደንና ሳምንት ገደማ ይሰነብታል። ከመጥለሉ በፊት የሚቀዳው ጉሽ ነው፤ ከተጠለለ በኋላ አተላው ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይወጣል።

የወጪ ደብተር አልነበራቸውም፣ ስለዚህ እኔ ጻፍኩ። ገብስ፣ ጌሾ፣ እንጨት፣ የወፍጮ፣ የባጃጅ፣ የውሃ፣ የላስቲክ ማጥለያ። ከሁሉ በላይ የናረባቸው እኔ እንደገመትኩት ገብሱ አልነበረም። እሱ ከአጠገባቸው ነው፣ በመኸር ጊዜ ከዘመድ ይገዙታል። ጌሾው ነው። ጌሾ በበቆጂ ብርድ ብዙ አይበቅልም፣ ከሩቅ ይመጣል፣ በነጋዴ እጅ ይለዋወጣል። ቀድሞ ለአንድ ጋን የሚያደርጉትን አሁን ለጋንና ለግማሽ በርሜል ያዳርሱታል። ጌሾ የሚያንሰው ጠላ ለአንድ ሁለት ቀን ይጣፍጣል፣ በሦስተኛው ይጎመዝዛል፤ መራራው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነውና። ስለዚህ የሚጠምቁት ትንሽ ትንሽ ሆነ፣ ሳያድር እንዲያልቅ። ቶሎ ቶሎ መጥመቅ ማለት ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንኩሮ ማሸት፣ ቶሎ ቶሎ እንጨት መግዛት ነው። ከጌሾ የተረፈው ገንዘብ በምጣዱ ሥር ነደደ።

የድካማቸውን ዋጋ በሚል አንድ መስመር ባዶ ተውኩ። አዩት።

"እሱን ከጻፍክማ ነገ ቤቱን መዝጋቴ ነው" አሉኝ። መስመሩን ሰረዝኩት።

ለመሆኑ ከምን ያተርፋሉ? ያልጠበቅሁትን መለሱልኝ። ከአተላው። ከብት የሚያደልቡ ሰዎች በየማለዳው ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። የመኖ ዋጋ፣ ፉርሽካው፣ ፋጉሎው እንደናረ አተላ ተፈላጊ ሆኗል፤ ዋጋውንም ያለ አንዳች ይሉኝታ ይጨምራሉ። "ሰውየው ለበሬው ሲሆን አይከራከርም" አሉኝ። በሬውም ጠላው ቀጠነ ብሎ አያማርርም። እንግዲህ ጠጪው የሚከፍለው የገብሱን፣ በሬው የሚከፍለው የትርፉን ነው።

ኮፈሌ

ከበቆጂ በአሳሳ፣ በዶዶላ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ኮፈሌ። ቁር ነው። ገብስ በየጎጆው ደጅ ተቆልሏል። አንድ ሻይ ጠጥቼ ዞርኩ። ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት "የቢራ ገብስ እንገዛለን" የሚል ጽሑፍ በቆርቆሮ ላይ ተለጥፏል። ስልክ ቁጥሩ በዝናብ ታጥቧል፤ ሆኖም የሚፈልግ አያጣውም።

አርሲ ነገሌ

ሻሸመኔን አልፎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ አርሲ ነገሌ አለ። ከተማው በአረቄው ይታወቃል፤ ከዚህ የሚወጣው አረቄ በጀሪካን ተጭኖ በደቡብም በአዲስ አበባም ይሸጣል። በጓሮው በኩል ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት አረቄ አይደለም፣ እንጨት ነው። በአህያ ጋሪ ይመጣል፣ በሰው ጀርባ ይመጣል፣ በየአጥሩ ሥር ተከምሯል።

አረቄ ማውጣት የጠላን ድካም ሁሉ ይዞ ሌላ እሳት ይጨምርበታል። በቆሎው ወይም ስንዴው ከብቅልና ከጌሾ ጋር ተዘፍዝፎ ከፈላ በኋላ በሸክላ ማሰሮ ይጣዳል። ከአናቱ ላይ የቀርከሃ ቱቦ ይሰካል፣ መገጣጠሚያው በጭቃ ወይም በሊጥ ይደፈናል፤ ቱቦው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ይቀየራል። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርርና አረቄው ጭስ ጭስ ይላል፤ ከላላ አይወጣም። ይህ ለሰዓታት ይቀጥላል። የወጣው አረቄ እንደገና ሲጣድ ዳግም ይባላል፤ ዳግም ደግሞ ሌላ ሸክም እንጨት ነው።

ወደ አንድ ግቢ አንዲት እናትና ሴት ልጇ ተቀብለው አስገቡኝ። እናትየው ዓይኖቿ ከጭሱ ቀልተዋል፣ ታስላለች። ልጅቷ ጣቷን በሚንጠባጠበው አረቄ ነክራ ፍሙ ላይ ረጨችው፤ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለ። "ጥሩ ነው" አለች።

"እህሉ ነው ወይስ እንጨቱ የተወደደው?" ብዬ ጠየቅሁ።

እናትየው ሳታስብ መለሰች፤ "እንጨቱ። እህል ቢወደድ በቆሎ አለ፣ በቆሎ ቢወደድ ሌላ አለ። እሳትን በምን ትለውጠዋለህ?"

እንጨቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ ከሙኔሳ ደን ወገን ነው። የደኑ መሳሳት ለዓመታት ሲነገር የቆየ ነገር ነው። ደኑ በራቀ ቁጥር አህያው የሚጓዘው ረዘመ፤ ጠባቂው በበረታ ቁጥር እንጨቱ በሌሊት መጣ። በሌሊት የመጣ እንጨት ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው የግብዓት ዋጋ በእህል ገበያ አይወሰንም፣ በጫካው ጫፍ ነው። አንዳንዶች ከደን እንጨት ወደ ባሕር ዛፍ ዞረዋል፤ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይነድዳል፣ እሳቱን ለመቆጣጠር ያስቸግራል ይላሉ።

የሚቆጥብ ምድጃ አይታችሁ አታውቁም ወይ ብዬ ነበር። አይተዋል። ትልቁን ማሰሮ አይችልም። የሸክላ ማሰሮ ወጥቶ ብረት ቢገባ፣ የቀርከሃው ቱቦ በመዳብ ቢለወጥ እንጨቱ በእጅጉ ይቀንስ ነበር፤ ይህንን ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ፣ በስልኳ ሥዕል እያሳየችኝ። ገንዘቡን ማን ያበድራታል? ለአረቄ ብሎ ብድር የሚሰጥ ቢሮ የለም። በእቁብ ልትሞክር አስባለች፤ እቁቡ ላይ ያሉት ግን ሁሉም አረቄ አውጪዎች ናቸው፣ ሁሉም እንጨቱ ተወዶባቸዋል።

ገዢው ሲመጣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጀሪካኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ በክዳኑ ቀዳና ቀመሰ። ባለፈው የገዛበትን ዋጋ ሰጠ። እናትየው ስለ እንጨቱ ነገረችው። እሱም ስለ ነዳጁ ነገራት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ባለፈው ዋጋ ሸጠችለት፤ እሱ ከሄደ በኋላ ልጅቷ የሚቀጥለውን ድፍድፍ በውሃ አበዛችው።

ተመልሶ አዲስ አበባ

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በባቱ ዳር የካስቴል ኩባንያ የወይን ማሳ ቀጥ ባሉ ረድፎች ታየኝ። ሌላ ዓለም ነው፤ በመኪና ፍጥነት አልፌዋለሁ።

ቀጥታ ወደ አንድ ጠጅ ቤት ሄድኩ፣ ፒያሳ አቅራቢያ ወዳለ። ጠጅ ጣዩ እንግዶች በሌሉበት ሰዓት ያወራል። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ፣ ሲቀጥን እስከ አምስት፤ አባቱ በሦስት ነበር የሚጥሉት፣ እሱ በአራት ይጀምራል። የማር ዋናው ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ በጥር ግን ሰርገኛው ሁሉ ይሻማበታል፣ ማሩ ባለቀበት ሰዓት ዋጋው ይጋጋላል። አንዳንድ ቤቶች ስኳር እንደሚጨምሩ አልደበቀኝም። ስኳር የጨመረበት ጠጅ ብርሌው ውስጥ ያምራል፣ ቢጫው ደማቅ ነው፣ የሚናገረው በማግስቱ ጠዋት ጭንቅላት ላይ ነው። "አንተ ቤትስ?" አልኩት። "እኔ ቤት ማር ነው፣ ግን ብርሌዬን አይተኸዋል?" አዲሶቹ ብርሌዎች አንገታቸው ረዝሟል፣ ሆዳቸው ጠቧል። ከሩቅ ሲታዩ እኩል ናቸው።

በመጨረሻ ቦሌ አካባቢ የራሱን ቢራ የሚጠምቅ ትንሽ ቢራ ቤት ገባሁ። ጠማቂው ወጣት ነው፣ ሥራውን ይወዳል። የሚያበስለው ቢራ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ብቅል ፋብሪካ በጅምላ ዋጋ አይሸጥለትም። መደበኛውን ብቅል ከአገር ውስጥ ያገኛል፤ ጥቁር ቢራውን የሚያጠቁረውን የተቆላ ብቅል፣ እርሾውንና ቢራውን የሚያመርረውን ሆፕስ ከጀርመን ያስመጣል። ሆፕስ ለመቶ ሊትር ከሁለት መቶ ግራም ያን ያህል አያልፍም። ክብደቱ ምንም ነው። ግን እያንዳንዱ ግራም በዶላር ነው፤ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ያለፈው ዓመት ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ ሆኖበታል።

ሆፕስን በጌሾ ለመተካት የአገራችን ተመራማሪዎችም ሞክረዋል፤ እሱም በትንሿ ጋኑ ሞክሯል። ቀመስኩት። መራራው ከሆፕስ ይልቅ ደረቅ ነው፣ በምላስ ጎን ይቆያል፤ አረፋው ቶሎ ይወድቃል። ቢራ ነው ቢሉኝ እጠጣዋለሁ፣ ጠላ ነው ቢሉኝም እጠጣዋለሁ። እሱ ግን የሚያሳስበው ጣዕሙ አይደለም።

"የጀርመኑ አቅራቢ ለስድስት ወር ዋጋ ያስርልኛል፤ የማይታሰረው ዶላሩ ነው። የጌሾው ነጋዴ በብር ነው የሚሸጥልኝ፤ ግን እስከ ቅዳሜ እንኳ ዋጋ አላስርም አለኝ፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ ይፈልገዋል። የትኛው ይሻላል?"

ነጋዴው የት እንዳለ ጠየቅሁት። መርካቶ ነው፤ እኔ ከቆምኩበት ደጅ ሁለት በር አለፍ ብሎ። ጠማቂው ሁለት ጆንያ አዟል፣ ለአንዱ ከፍሏል፣ ሁለተኛውን መንገዱ ሲከፈት ይቀበላል።